ዚንክ ኦክሳይድ ናኖፓርቲክል በፕላዝማ እንዴት ይሠራል፦ «ስንት ቮልት ላድርግ?» ለምትሉኝ ሁሉ

«ስንት ቮልት ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፣ በተለይ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ በኩል ያላችሁ የማስተርስ ልጆች፣ ከገላንና ከዱከምም የምትደውሉ አላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ማስረዳት ስላልተቻለ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። አጭሩ መልስ፦ ቮልቱን ተዉት። እናንተ የምትይዙት ከረንቱን ነው፣ ቮልቴጁ የሚፈልገውን ቦታ ራሱ ይይዛል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ አለ፣ ግን ከአሁኑ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይግባ ምክንያቱም ሴታፑ በሙሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

ምንድነው የምንሠራው

የምንሠራው የዚንክ ኦክሳይድ ናኖፓርቲክል ነው፣ በናኖሜትር የሚለካ በጣም ደቃቅ ዱቄት። ሜታል ኦክሳይድ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ተለኩሶ ከረንት የሚያስተላልፍ ጋዝ) ለመሥራት ብዙ መንገድ አለ፣ እዚህ የምፅፈው ቫኪዩም ፓምፕ የማይፈልገውንና በትንሽ ወጪ የሚገጣጠመውን ነው። በቀጭን የብረት ቱቦ አርጎን እየነፋን ከውሃ በላይ ትንሽ ፕላዝማ እንለኩሳለን፣ ውሃው ውስጥ ደሞ ንፁህ ዚንክ እንነክራለን። ቱቦው ኔጋቲቭ፣ ዚንኩ ፖዘቲቭ። ዚንኩ ኤሌክትሮን እየሰጠ አዮን ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ከፕላዝማው የሚወርዱት ኤሌክትሮኖች ደሞ የውሃውን ሞለኪውል ወደ ሃይድሮጅን ጋዝና ሃይድሮክሳይድ ይሰብሩታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ እሱ ውሃውን ሲጥል ዚንክ ኦክሳይድ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ውሃው ውስጥ የብረት ካቶድ (ኔጋቲቭ ጫፍ) አለመኖሩ ነው፣ የተሠራው ፓርቲክል የሚለጠፍበት ነገር ስለሌለ እዛው ተንሳፎ ይቀርላችኋል።

ሳትጀምሩ ይሄን አንብቡ

ይሄ የላብ ሥራ ነው፣ መኝታ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አይሠራም። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩ፣ ሁለተኛው ሰው ማጥፊያው የት እንዳለ ይወቅ፣ እጁም እዛ አጠገብ ይሁን። የምንጠቀመው ከረንት ጥቂት ሚሊ አምፒር ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከማይክሮዌቭ ኦቨን የተፈታ ትራንስፎርመር አትጠቀሙ። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 2 ኪሎ ቮልት አካባቢ ሆኖ በብዙ መቶ ሚሊ አምፒር ሊሰጥ ይችላል፣ እሱ ሰው የሚገድል ነገር ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ከረንት መገደቢያም የለውም። ይሄ ላይ ድርድር የለኝም።

ሶኬታችሁ እውነተኛ ኤርዝ (መሬት ውስጥ የተቀበረ መስመር) እንዳለው በኤሌክትሪሺያን አስለኩ። ዳር ዳር ያሉ አዳዲስ ግንባታዎች ላይ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ሦስተኛው የትም ያልታሰረበት ቤት አለ። ኤርዝ ከሌለ ሥራው አይጀመርም፣ ምክንያቱም ሙሉ የሰርኪዩቱ መመለሻ ግራውንድ (ኤርዙ) ላይ ነው የተቀመጠው።

መብራት መጥፋቱም የሴፍቲ ጉዳይ ነው። ሄዶ ሲመጣ ሰፕላዩ ባለበት ቮልቴጅ ራሱ ከተነሳና ያኔ እጃችሁ መርፌው ጋ ከሆነ አለቀ። ስለዚ ከሶኬቱና ከሰፕላዩ መሀል የስታርት ስቶፕ በተን ያለው ኮንታክተር አስገቡ፣ መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ ሲመጣ በተኑን ሰው ካልተጫነው አይነሳም። የትኛውም የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ይሠራላችኋል።

ከፍታችንም ጉዳይ አለው። ባህር ጠለል ላይ የተፃፈ ፔፐር ላይ ያለውን ርቀት እንዳለ አትገልብጡ። 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል፣ ስለዚ እዛ 1 ሴንቲ ሜትር የሚበቃው ክፍት ቦታ እዚህ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። እኔ ግን በራቁት ገመድና በግራውንድ መሀል ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች አልመክርም። ውሃም እዚህ በ92 ወይም 93 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ኦቨን ስታስተካክሉ አትርሱት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዲሲ ሃይ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ፣ እስከ 3 ኪሎ ቮልት፣ 10 ሚሊ አምፒር የሚበቃ፣ ከረንት ሊሚት ያለው፣ አውትፑቱ ኔጋቲቭ የሆነ
- 50 ኪሎ ኦም 10 ዋት ሬዚስተር 3 ፍሬ፣ ተከታትለው 150 ኪሎ ኦም እንዲሆኑ
- 2 ኪሎ ኦም 1 ዋት ሬዚስተር 2 ፍሬ፣ ጎን ለጎን ታስረው 1 ኪሎ ኦም እንዲሆኑ
- ተራ መልቲሜትር
- 23 ጌጅ የሲሪንጅ መርፌ፣ ጫፉ ተሞርዶ ጠፍጣፋ የሆነ (የውስጥ ስፋቱ 0.34 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው)
- አርጎን፣ 99.99 በመቶ ወይም ከዛ በላይ፣ ከሬጉሌተር ጋር
- ትንሽ ሮታሜትር (የጋዝ ፍሰት መለኪያ)፣ ከ0 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በደቂቃ
- የሲሊኮን ቱቦ፣ ቢያንስ 1 ሜትር
- ዚንክ ፎይል 99.9 በመቶ፣ 1 በ5 ሴንቲ ሜትር
- 100 ሚሊ ሊትር ቢከር፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ክዳን
- ማግኔቲክ ስቲረር
- ሶዲየም ናይትሬት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ኤታኖል፣ ዲስትልድ ውሃ
- ፒኤች ሜትርና ኮንዳክቲቪቲ ሜትር
- 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛን
- ሴንትሪፊዩጅ፣ ኦቨን፣ ፈርነስ (የከፍተኛ ሙቀት ምድጃ)
- የግራውንድ ዱላ፦ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ጫፉ ላይ የመዳብ መንጠቆ ያለው፣ መንጠቆው በወፍራም ገመድ ከኤርዝ ጋር የታሰረ
- ጓንት፣ ዩቪ የሚከለክል መነፅር፣ ኤን 95 ማስክ

ስለ እቃዎቹ ሦስት ነገር ልበል። አርጎኑን ለስቴንለስና ለአሉሚኒየም ብየዳ ከሚሸጡት ማግኘት ይቻላል፣ ግን ስትገዙ ንፁህ አርጎን በሉ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተደባለቀውም ለብየዳ ይሸጣል፣ እሱ ሥራውን ያበላሻል፣ ዚንክ ካርቦኔት ነው የሚሰጣችሁ። ከብየዳ ሬጉሌተር ጋር የሚመጣው ፍሎው ሜትር ደሞ የሚያነበው በሊትር ነው፣ እኛ የምንፈልጋትን 30 ሚሊ ሊትር አያያትም። ትንሽ ሮታሜትር ካጣችሁ መለኪያ ሲሊንደር በውሃ ሞልታችሁ ገልብጡና ጋዙን ከስር አስገቡበት፣ በአንድ ደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ካስወጣ ደርሳችኋል።

ሁለተኛ፣ «የጣራ ቆርቆሮ ዚንክ አይደል እንዴ?» ለምትሉ፦ አይደለም። ብረት ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ ስስ ዚንክ የተቀባ። ትንሽ ከሠራ በኋላ ብረቱ ብቅ ይልና ውሃው ወደ ዝገት ቀለም ይሄዳል። የድሮ ባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮም ዚንክ ነው ግን ሌላ ብረት ተደባልቆበታል፣ ለልምምድ ካልሆነ ለቴሲስ አይሆንም።

ሦስተኛ ውሃ። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፣ አቃቂ በኩል ከመሬት የሚወጣው ውሃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት አለው፣ ናሙናችሁ ውስጥ ካልሳይት (ካልሲየም ካርቦኔት) ሆኖ ይወጣል። «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠውን ደሞ ሳትለኩ አትመኑት፣ ኮንዳክቲቪቲው በሴንቲ ሜትር ከ5 ማይክሮ ሲመንስ በላይ ካነበበ ተዉት።

አሠራሩ

1. ዚንኩን አዘጋጁ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ጎን እሹት እስኪያብረቀርቅ፣ በኤታኖል ጥረጉ፣ በዲስትልድ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁና መዝኑ፣ ክብደቱን ፃፉ። አየር ላይ የቆየ ዚንክ ላዩ ላይ ኦክሳይድና ካርቦኔት አለው፣ እሱ ካልተነሳ እኩል አይሟሟም፣ እየተቀረፈ ግራጫ ቁርጥራጭ ይጥላል። መመዘኑን አትዝለሉት፣ መጨረሻ ላይ ሥራው በትክክል መሄዱን የሚነግራችሁ ይሄ ቁጥር ነው።

2. ውሃውን አፍሉና ክዳን ገጥማችሁ አቀዝቅዙት። የገባበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት ነው። 0.85 ግራም ሶዲየም ናይትሬት በ1 ሊትር አሟሙ፣ ከዛ 50 ሚሊ ሊትር ቢከሩ ውስጥ አድርጉ። ናይትሬቱ ከረንት እንዲተላለፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። «ጨው ባደርግስ፣ ቤት አለ» ይሉኛል፣ አይሆንም፣ ክሎራይድ ካለ ዚንክ ሃይድሮክሲ ክሎራይድ የሚባል ሌላ ነገር ይሠራል። በዚሁ ምክንያት ቢከራችሁን በበረኪና ያጠባችሁ እንደሆነ ደጋግማችሁ በዲስትልድ ውሃ አለቅልቁት።

3. ፒኤቹን 10 አካባቢ አድርጉ። በጣም የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (0.1 ሞላር) አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል፣ እየጠበቃችሁ አንጠባጥቡ። ዚንክ ከሁለቱም ጎን የሚሟሟ ነገር ነው፣ አሲድ ላይ ይሟሟል፣ በጣም ቤዝ ሲሆንም ከ12 በላይ ዚንኬት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የዚንክ አዮን) ሆኖ ይሟሟል፣ በመሀል 9 እና 10 ላይ ነው በደንብ የሚዘቅጠው። ለክታችሁ ስትጨርሱ ፒኤች ኤሌክትሮዱን አውጡት፣ ፕላዝማ ሲለኮስ ውስጥ ካለ ሜትሩ ይቃጠላል።

4. ገጣጥሙ። መርፌው በክዳኑ መሀል ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ጫፉ ከውሃው 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ዚንኩ በሌላኛው ቀዳዳ ገብቶ ግማሹ ይነከር፣ ከመርፌው በጎን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ስሩ እንዳይሆን። ሦስተኛው ቀዳዳ ክፍት ይቀራል፣ ጋዙ የሚወጣው በሱ ነው። ክዳኑን በፕላስተር አታሽጉት፣ የሚመጣው ሃይድሮጅን በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆንም ታፍኖ እሳት አጠገብ እንዲቀመጥ አንፈልግም። ሙሉው ነገር ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ የላብ ሳጥን) ውስጥ ይሁን፣ ኦዞንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ትንሽ ትንሽ ስለሚወጣ።

5. ገመዱን እሰሩ። ሰፕላዩ ጠፍቶ ከሶኬት ተነቅሎ። ከኔጋቲቭ አውትፑቱ ተነስቶ በ150 ኪሎ ኦሙ በኩል ወደ መርፌው፣ ከዚንኩ ተነስቶ በ1 ኪሎ ኦሙ በኩል ወደ ግራውንድ። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦

ትልቁ ሬዚስተር መርፌው አጠገብ ይሁን እንጂ ሰፕላዩ አጠገብ አይሁን። ከሬዚስተሩ በኋላ ያለው ገመድ ራሱ ትንሽ ቻርጅ ይይዛል፣ ገመዱ ከረዘመ ያ ቻርጅ በአንዴ እየተለቀቀ ተክ ተክ የሚል ብልጭታ ይሰጣችኋል፣ የተረጋጋ ፕላዝማ አይሆንም። ሦስት የተደረጉትም መርፌው ውሃ ቢነካ ሙሉ ቮልቴጁ እነሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው፣ አንድ ሬዚስተር ብቻውን አይችለውም።

ሁለቱን 2 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን ያሰርነው ደሞ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ግራውንዱን እንዲይዝ ነው። ሁለቱም ከተበጠሱ ዚንኩና ውሃው ሃይ ቮልቴጅ ላይ ይሆናሉ። መልቲሜትሩን በነዚህ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ሰኩት፣ 1 ቮልት ካነበበ 1 ሚሊ አምፒር ማለት ነው፣ 5 ቮልት 5 ሚሊ አምፒር። ተራ መልቲሜትር በምንም አይነት መርፌው ጎን አትሰኩ።

የጋዙ ቱቦ ሲሊኮን ወይም ፕላስቲክ እንጂ ብረት አይሁን፣ ርዝመቱም አይጠር። አርጎን ከአየር ይልቅ በቀላሉ ስለሚለኮስ ቱቦው አጭር ከሆነ ፕላዝማው ወደ ውሃው መሄዱን ትቶ ቱቦው ውስጥ ወደ ሬጉሌተሩ ሊሄድ ይችላል።

6. ጋዙን ክፈቱ፣ 30 ሚሊ ሊትር በደቂቃ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከውሃው በላይ ያለው አየር ወጥቶ አርጎን እንዲተካው ነው። አየር ከቀረ ናይትሮጅኑና ኦክሲጅኑ ፕላዝማው ውስጥ ተዋህደው ውሃው ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ይሆናሉ፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ የሠራችሁት ዚንክ ኦክሳይድ መልሶ ይሟሟል። «ነጭ ሆኖ ነበር ከዛ ጠራብኝ» የሚሉኝ አብዛኞቹ ችግራቸው ይሄ ነው። ጋዙ ሲበዛም ጥሩ አይደለም፣ ውሃውን ይቆፍረውና ርቀቱ ይቀየራል። ስቲረሩን በዝግታ አድርጉት፣ ከ100 እስከ 200 ዙር በደቂቃ፣ ውሃው ላይ ማዕበል ከታየ በዝቷል።

አርጎን ሽታ የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ይከማቻል። መስኮት ክፈቱ። ሲሊንደሩን በሰንሰለት ግድግዳ ላይ እሰሩት። በዚህ ፍሎው በሰዓት የሚወጣው 2 ሊትር እንኳን አይሞላም ስለዚ ሲሊንደራችሁ ቶሎ ካለቀ ሊክ አለ ማለት ነው፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

7. ለኩሱ። ሰፕላዩ ላይ ከረንት ሊሚቱን 3 ሚሊ አምፒር አድርጉ፣ ቮልቴጁን ከዜሮ በዝግታ ከፍ አድርጉ። ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቮልት መሀል አንድ ቦታ ላይ በመርፌውና በውሃው መሀል ቀጭን ወይን ጠጅ መሰል ብርሃን ይታያል፣ ሰፕላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅም ወዲያው ይወርዳል። የወረደው ተበላሽቶ አይደለም።

እና አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ጋዙ ከተለኮሰ በኋላ ፕላዝማው ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከረንቱ ሲጨምርም ሲቀንስም ብዙም አይለወጥም፣ በጥቂት መቶ ቮልት ላይ ነው የሚቆየው። በቮልቴጅ ልቆጣጠረው ካላችሁ ትንሽ ነካ ስታደርጉት ከረንቱ ዘልሎ ይሄዳል፣ ሬዚስተሩ ባይኖር አርክ (እንደ ብየዳ ያለ ኃይለኛ ብልጭታ) ሆኖ መርፌውን ያቀልጠው ነበር። በዛ ላይ ቮልቴጁ በርቀቱ፣ በጋዙ፣ በከፍታው፣ በመርፌው ስፋት ይለያያል፣ ስለዚ የኔ ቁጥር ለናንተ አይሠራም፣ የፔፐሩም አይሠራም። ከረንት ግን የትም ያው ከረንት ነው፣ ስንት ዚንክ እንደሚሟሟም የሚወስነው እሱ ነው፦ 5 ሚሊ አምፒር ለ1 ሰዓት 18 ኩሎም ነው፣ ለ2 ጊዜ 96,485 (አንድ ዚንክ 2 ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ 96,485 የፋራዴይ ቁጥር ነው) ስታካፍሉትና በ65.4 (የዚንክ አቶሚክ ክብደት) ስታባዙት 6.1 ሚሊ ግራም ዚንክ ይመጣል፣ ኦክሳይድ ሲሆን 7.6 ሚሊ ግራም። ከዚህ በላይ ጠብቃችሁ አትዘኑ። ፔፐራችሁ ላይም ከረንቱን፣ ሰዓቱን፣ ርቀቱንና ፍሎውን ፃፉ፣ ሰው ሥራችሁን መድገም የሚችለው በነዚህ ነው።

8. ሁለት ደቂቃ ከተረጋጋ ወደ 5 ሚሊ አምፒር ከፍ አድርጉና 1 ሰዓት አሠሩት። ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ እዩት። ብርሃኑ ጭር ብሎ መቆም አለበት። ደማቅ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ፖላሪቲውን (ኔጋቲቭና ፖዘቲቩ በቦታቸው መታሰራቸውን) ቼክ አድርጉ፣ ቢጫው የሶዲየም ነው፣ ተገልብጦ ውሃው ካቶድ ሲሆን ሶዲየሙ ወደ ፕላዝማው ይነሳል፣ ያኔ ዚንኩም አይሟሟም። ነጭ ሆኖ የሚጮህ ከሆነ አርክ ነው፣ አጥፉት። ደረቅ ጋዝ ውሃውን ቀስ እያለ ስለሚያተንነው ርቀቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስተካከል ካለበት አጥፍታችሁ፣ ግራውንድ አድርጋችሁ ነው መርፌውን የምታወርዱት። ባለበት አትንኩት።

ውሃው ቀስ በቀስ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ሌዘር ፖይንተር በጎን ስታበሩበት መስመሩ ውሃው ውስጥ ከታየ ፓርቲክል አለ ማለት ነው፣ መጠኑን ግን ይሄ አይነግራችሁም።

9. አጥፉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ቮልቴጁን ወደ ዜሮ፣ ሰፕላዩን ኦፍ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ 1 ደቂቃ ጠብቁ፣ የግራውንድ ዱላውን መጀመሪያ የሰፕላዩን አውትፑት ከዛ መርፌውን አስነኩ፣ መርፌው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ መጨረሻ ላይ ጋዙን ዝጉ። ጋዙ መጨረሻ የሚሆነው ውሃው ወደ ጋለው መርፌ እንዳይሳብ ነው። መብራት መሀል ላይ ከሄደም ያው ቅደም ተከተል ነው፣ ዚንኩንም ከውሃው አውጡት፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ራሱ ይዝጋል።

10. ዚንኩን አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ መዝኑ። 6 ሚሊ ግራም አካባቢ ከቀነሰ ጎበዝ። በጣም ያነሰ ከቀነሰ ላዩ በኦክሳይድ ተሸፍኖ መሟሟት አቁሟል፣ ወይ ፖላሪቲው ተገልብጧል። ከበዛ ደሞ እየተቀረፈ ነው፣ ቢከሩ ታች ግራጫ ነገር ታያላችሁ፣ እሱን ሳይደባለቅ ለዩት።

11. ፈሳሹን ከድናችሁ 70 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት አቆዩት። የቀረው ሃይድሮክሳይድ ወደ ኦክሳይድ እንዲሄድ ነው።

12. እጠቡ። ሴንትሪፊዩጅ 6,000 ዙር፣ 15 ደቂቃ፣ ላዩን ቅዱ፣ በዲስትልድ ውሃ ደግማችሁ አናውጡ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን በኤታኖል። ውሃ ሲደርቅ ፓርቲክሎቹን እርስ በርስ ይስባቸውና ያጣብቃቸዋል፣ ኤታኖል ይሄን ይቀንሳል። የቀዳችሁት ውሃ አሁንም ነጭ ከሆነ ደቃቆቹ አልወረዱም፣ አትድፉት፣ በከፍተኛ ዙር ድገሙት። ቱቦዎቹን ደሞ እኩል መዝናችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡ።

13. 60 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን አድርቁ፣ ኤታኖሉ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ፈርነስ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ እሳት ነው የሚነሳው። ከዛ 350 ዲግሪ፣ 2 ሰዓት። አየር ላይ የያዘው ካርቦኔት 250 አካባቢ ስለሚፈርስ 350 ይበቃል። 600 አድርጉት የሚላችሁ ካለ ኤክስአርዲው (በኤክስሬይ ክሪስታል የሚለየው ማሽን) ቀጥ ያለ ፒክ ይሰጣችኋል እውነት ነው፣ ግን ፓርቲክሉ አድጎ ነው፣ ናኖ ለማድረግ የለፋችሁበትን መልሳችሁ ማሳደግ ነው። ዱቄቱን ስትነኩ ማስክ አድርጉ፣ ፋን አጥፉ።

14. አረጋግጡ። ዩቪ ቪዝ (ብርሃን መምጠጥን የሚለካው ማሽን) ላይ ከ360 እስከ 375 ናኖሜትር መሀል መምጠጡ ይታያል። ኤክስአርዲ ላይ በመዳብ ራዲየሽን 31.8፣ 34.4 እና 36.3 ዲግሪ ላይ ሦስቱ ዋና ፒኮች፣ ከዛ 47.5 እና 56.6። መጠኑን በሼረር ፎርሙላ፦ የ36.3ቱ ፒክ በግማሽ ቁመቱ ላይ 0.8 ዲግሪ ቢሰፋ ወደ ራዲያን ቀይሩት 0.01396፣ ኮሳይን የሚወሰደው የግማሹ 18.15 ዲግሪ ነው 0.950፣ እና 0.9 (የፎርሙላው ቋሚ ቁጥር) ሲባዛ በ0.15406 (የኤክስሬዩ ሞገድ ርዝመት በናኖሜትር) ሲካፈል ለሁለቱ ብዜት 10.5 ናኖሜትር ገደማ። ዲግሪውን ወደ ራዲያን ሳይቀይሩ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፣ አንግሉን ለሁለት አለማካፈልም እንደዛው። የማሽኑን የራሱን ስፋት ቀንሱ። ይሄ ቁጥር የክሪስታሉ መጠን ነው፣ ፓርቲክሉ የብዙ ክሪስታል ስብስብ ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ አሳዩት።

በተደጋጋሚ የሚመጡ ችግሮች

ኤክስአርዲ ላይ በ26.6 ዲግሪ ያልጠበቃችሁት ፒክ፦ ኳርትዝ ነው፣ አቧራ። በበጋ ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ያለ ላብ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ የደረቀ ናሙና ይሄን ያሳያል፣ ማድረቂያችሁን በወረቀት ሸፍኑ። 29.4 ላይ ከሆነ ካልሳይት ነው፣ ውሃችሁን ቼክ አድርጉ፣ በ350 ዲግሪም አይጠፋም።

ቡናማ ቀለም፦ የመርፌው ብረት ነው። ከረንቱ በዝቶ ወይ ጫፉ ውሃ ነክቶ ግሏል። መርፌውን ቀይሩ፣ ርካሽ ነው፣ ለየሥራው አዲስ ብታደርጉ ጥሩ ነው።

አይለኮስም፦ ርቀቱን ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉ (አጥፍታችሁ)፣ ጋዙ በእውነት መርፌው ላይ መድረሱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋ እዩ፣ ከዛ ጫፉን በደንብ አድርቁ። ቮልቴጁን ከ3 ኪሎ ቮልት በላይ ለማድረግ አትሞክሩ።

«20 ሚሊ አምፒር ባደርገውስ ብዙ እንዲወጣ?» ውሃው እዛች ነጥብ ላይ ይፈላል፣ ይረጫል፣ መርፌው ግሎ ቀይ ይሆናል። ብዙ ከፈለጋችሁ ሰዓቱን አስረዝሙ፣ ወይ ብዙ መርፌ አድርጉ፣ ግን እያንዳንዱ መርፌ የራሱ 150 ኪሎ ኦም ይኑረው፣ አንድ ሬዚስተር ካጋራችኋቸው መጀመሪያ የተለኮሰው ከረንቱን በሙሉ ይወስድና ሌሎቹ ጨለማ ሆነው ይቀራሉ።

ሲትሬት ጨምሩበት የሚል ምክርም ሰምታችሁ ከሆነ ተዉት፣ ለወርቅና ለብር ይሠራል፣ ዚንክን ግን ራሱ ይይዘውና ኦክሳይድ እንዳይሆን ሊያደርገው ይችላል።

የታጠበበትን ውሃ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ዚንክ ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ነው፣ እኛ አካባቢ ያለው ፍሳሽ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፣ በዛ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይመረታል። በጀሪካን አጠራቅሙ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነና ቀኑን ፃፉበት፣ ፒኤቹን 9 እና 10 መሀል አድርጋችሁ አቆዩት፣ ዚንኩ ታች ይቀመጣል፣ ዝቃጩን ለላባችሁ የኬሚካል ቆሻሻ ተረካቢ ስጡ።